ብርሃኑ ያልፋል፣ ትእዛዙ ይቀራል፦ የኦፕቲካል ኔትወርክ መቆጣጠሪያዎችን የማናበብ ጥያቄ

የሁለት ድርጅቶች ፋይበር አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛል። በአንዱ ኬብል የመጣው ብርሃን ወደ ሌላው ለመግባት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ማገናኛው ንጹሕ፣ ኃይሉ በቂ፣ የሞገድ ርዝመቱ ትክክል ከሆነ ያልፋል። የማያልፈው ትእዛዙ ነው። «ከዚህ ከተማ እስከዚያ ከተማ በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚሸከም መንገድ ክፈትልኝ፤ ቢበጠስም በሌላ በኩል አዙረው» የሚለው መልእክት ከአንዱ አምራች መሣሪያ ተነሥቶ የሌላው አምራች መሣሪያ ዘንድ ሲደርስ ፊደሉ ይነበባል፣ ሐሳቡ ግን አይገባም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይላክም። በእሱ ፈንታ ኢሜይልና ስልክ ይሠራሉ፤ በሁለት ጫፍ የተቀመጡ መሐንዲሶች ቁጥር እየተነጋገሩ በእጃቸው ያስተካክላሉ፤ ደንበኛው መንገዱን የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት ሩብ ምእት ዓመት ያህል ተሠርቷል። ደረጃ አውጪዎች ተከራክረዋል፣ ቤተ ሙከራዎች አህጉር ተሻግረው ተገናኝተዋል፣ ብዙ ሺህ ገጽ ተጽፏል። የሥራውን ታሪክ ስከታተል አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየኛል፦ የሁሉንም ውስጥ አንድ ለማድረግ የተነሣው ሙከራ ሁሉ ደክሟል፤ ድንበር ላይ የሚነገረውን ጥቂት ነገር መርጦ ትርጉሙን አጥብቆ የጻፈው ግን ሠርቷል። ከዚህ በታች ያለው ዳሰሳ ይህን ፍርዴን የያዘ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የጉዳዩን ባሕርይ እንይ። ራውተር የሚደርሰውን እያንዳንዱን ፓኬት አድራሻ አንብቦ ወደሚቀጥለው ያስተላልፋል። ኦፕቲካል ስዊች ግን የሚያልፈውን ብርሃን አያነብም፤ መንገዱን ወደዚህ ወይም ወደዚያ ያዞረዋል እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ስለ መንገዱ የሚደረገው ንግግር ከብርሃኑ ተለይቶ በራሱ መስመር ይሄዳል። ይህን ንግግር የሚያካሂደውን ክፍል መሐንዲሶች ኮንትሮል ፕሌን ይሉታል። ጎረቤቱን ለይቶ ያውቃል፣ የኔትወርኩን ካርታ ያሰራጫል፣ መንገድ በየጣቢያው አስይዞ ይከፍታል፣ ይዘጋልም። መስመሮቹ በመለያየታቸው በፓኬት ዓለም የማይነሣ ጥያቄ ይነሣል፦ ንግግሩ ቢቋረጥ ብርሃኑ ምን ይሁን? የባንክ ወይም የሆስፒታል መረጃ የተሸከመ መንገድ መቆጣጠሪያው ስለታመመ ብቻ መዘጋት የለበትም። ይህ ጥያቄ ኋላ ላይ ትልቅ የመለያያ ነጥብ ሆኗል።

ሁለት ቤቶች መልስ ይዘው መጡ። አንደኛው የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብስብ፣ አይኢቲኤፍ፣ ነው፤ ከ1986 ጀምሮ የሚሰበሰብ፣ ፕሮቶኮልን ከሚሠራ ሶፍትዌር ጋር አብሮ ማየት የለመደ ቤት። ሁለተኛው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ አይቲዩ፣ ነው፤ በ1865 ለቴሌግራፍ ተብሎ የተቋቋመ፣ መንግሥታትና ትልልቅ የስልክ ድርጅቶች የሚቀመጡበት፣ መጀመሪያ ሥዕሉን በዝርዝር የሚነድፍ ቤት።

አይኢቲኤፍ መልሱን የጀመረው ከኤምፒኤልኤስ ነው። በኤምፒኤልኤስ ፓኬቱ ላይ አጭር ቁጥር፣ ሌብል፣ ይለጠፍና ራውተሮች ያንን ቁጥር እያዩ ያሳልፉታል። በ1999 እና በ2000 አካባቢ አንድ ውብ ሐሳብ ተወለደ፤ ሌብሉ የግድ የተጻፈ ቁጥር መሆን የለበትም፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ራሱ ሌብል ሊሆን ይችላል። ሶኔትና ኤስዲኤች በሚባሉት የኦፕቲካል ማስተላለፊያ ሥርዓቶች ውስጥ ያለ የጊዜ ክፍልም፣ አንድ ሙሉ ፋይበርም እንዲሁ። ይህ አጠቃላይ የሆነው ኤምፒኤልኤስ ጂኤምፒኤልኤስ ተባለ፤ ዋና ዋናዎቹ የሲግናሊንግ፣ ማለትም መንገድ የማስያዣ ንግግር፣ ሰነዶች በጃንዋሪ 2003፣ አርክቴክቸሩን የሚገልጸው አርኤፍሲ 3945 (አይኢቲኤፍ ሰነዶቹን በዚህ ስምና በቁጥር ያትማል) በኦክቶበር 2004 ወጡ። ከጀርባው ያለው ምኞት ራውተሩና ኦፕቲካል ስዊቹ እኩያ ሆነው በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ካርታ እንዲሠሩ ነበር።

አይቲዩ በበኩሉ በኖቬምበር 2001 ጂ.8080 የተባለውን የአሶን አርክቴክቸር አጸደቀ። አሶን ፕሮቶኮል አይደለም፤ የክፍሎችና የድንበሮች ንድፍ ነው። ዓለም በጎራ የተከፈለች መሆኗን ከመነሻው ይቀበላል። በደንበኛና በኔትወርክ መካከል ያለው ድንበር ዩኒ፣ በሁለት ጎራዎች መካከል ያለው ኢ-ኤንኤንአይ፣ በአንድ ጎራ ውስጥ ያለው አይ-ኤንኤንአይ ይባላል። በየድንበሩ የሚያልፈው የመረጃ መጠን ይለያያል፤ ደንበኛ የኔትወርኩን ካርታ አያይም፣ ጎረቤት ድርጅት ደግሞ ባለቤቱ የፈቀደለትን ያህል ብቻ ያያል። የስልክ ድርጅት ሥራውን የሚያውቀው እንዲህ ነውና ይህ ንድፍ ለነገሩ እውነት የቀረበ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱ ቤቶች በባሕርይ ብቻ ቢለያዩ ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር። ችግሩ አንድ ቋንቋ ይዘው በሁለት ዘዬ መናገራቸው ነው። ሁለቱም መንገድ ለማስያዝ አርኤስቪፒ-ቲኢን ይጠቀማሉ። የአይኢቲኤፍ ዘዬ አርኤፍሲ 3473 ውስጥ ነው፤ የአይቲዩ ዘዬ ጂ.7713.2 ውስጥ ሆኖ ለመዝገብ ያህል አርኤፍሲ 3474 ተብሎ በማርች 2003 ታትሟል። ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ የሚያዩት ዓለም ግን ሌላ ነው።

አድራሻን ብንወስድ፣ በጂኤምፒኤልኤስ መንገዱ የሚደርስበት ጫፍ የአይፒ አድራሻ ያለው የኔትወርኩ አባል ነው። በአሶንና በእሱ ላይ በቆመው ዩኒ ግን ደንበኛው የኔትወርኩ አባል አይደለም፤ እንደ ስልክ ቁጥር ያለ፣ ቲኤንኤ የሚባል፣ ድርጅቱ የሰጠው አድራሻ ይይዛል። አድራሻው በአይፒ ቅርጽ ወይም ከድሮው የኤንሳፕ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ በአይፒ ቅርጽ ሲጻፍ እንኳ የኔትወርኩ የውስጥ አድራሻ ነው ማለት አይደለም። አንዱ መሣሪያ ቲኤንኤውን እንደ መስመር አድራሻ ቢያነበው የሌለ ጣቢያ ይፈልጋል።

ሴሽን በሚባለው ነገር ላይም ይለያያሉ። በጂኤምፒኤልኤስ አንድ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሴሽን ነው። በሌላው ዘዬ እያንዳንዱ የድንበር ክፍል የራሱ ሴሽን አለው፤ ክፍሎቹን የሚያስተሳስረው ከሁሉም በላይ ያለው «ጥሪ» ነው። የስልክ ሰዎች ጥሪንና መስመርን ይለያሉ፤ ጥሪው የሁለት ወገኖች ስምምነት ነው፣ መስመሩ ስምምነቱን የሚፈጽመው አካል ነው። አንድ ጥሪ ብዙ መስመር ሊኖረው፣ ለጊዜው ምንም መስመር ላይኖረውም ይችላል። ከኢንተርኔቱ ወገን ይህ ልዩነት መጀመሪያ አልነበረም፤ ጥሪ በጂኤምፒኤልኤስ ውስጥ በወጉ የገባው በ2007 በአርኤፍሲ 4974 ነው፤ እሱም ቀድሞ በሌላው ወገን ከተጻፈው በተለየ መንገድ።

እዚህ ላይ ለማንም የማይታይ ጉድጓድ አለ። የአርኤስቪፒ-ቲኢ መሠረት የሆነው አርኤስቪፒ የማያውቀውን የመልእክት ክፍል ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው የክፍሉ ቁጥር ነው፤ አንዳንዱን ሲያይ መልእክቱን ይመልሳል፣ አንዳንዱን ይጥላል፣ አንዳንዱን ሳይከፍት ያሳልፋል። የጥሪው መለያና የዩኒው መረጃ ቁጥራቸው ሳይከፈት ከሚያልፈው ከሦስተኛው ዓይነት ነው። እናም መካከል ያለ የጂኤምፒኤልኤስ ጣቢያ የታሸገውን ዕቃ ተቀብሎ ለቀጣዩ ያቀብላል። ይህ በመካከል ላለ ጣቢያ መልካም ነው። ድንበር ጠባቂ መሆን ያለበት ጣቢያ ግን እንዲሁ ካሳለፈው ስህተት አይመዘገብም፣ ማስጠንቀቂያ አይበራም፣ ጥሪውን ግን የፈቀደው ማንም የለም። ከማይግባባ ንግግር ይልቅ የተግባባ የሚመስለው የበለጠ ጉዳት አለው።

ቅድም የተነሣው የዝምታ ጥያቄም አለ። አርኤስቪፒ በ1997 ሲደነገግ ለፓኬት ዓለም ነበር፤ የተያዘው ቦታ ተይዞ እንዲቆይ መልእክቱ በየ30 ሰከንዱ ገደማ መታደስ አለበት፣ ካልታደሰ ይለቀቃል። በፓኬት ዓለም ይህ ጥበብ ነው፤ የሞተ ሰው ቦታ ይዞ አይቀርም። በብርሃን ዓለም ግን ያው ጥበብ የሚሠራ መንገድ ሊገድል ይችላል። የስልኩ ወገን «መስመር ባለቤቱ ዝጋ እስኪል አይዘጋም» የሚል ልማድ ይዞ መጣ። አርኤፍሲ 3473ም ጎረቤት ዝም ሲል ወዲያው እንዳይለቀቅ፣ መቆጣጠሪያው እስኪነሣ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ሥርዓት ጨመረ። ሁለቱም ወደ አንድ ግብ ሄዱ፤ ጊዜ አቆጣጠሩና ከጥገና በኋላ ማን ለማን ምን ይነግራል የሚለው ግን በስምምነት የሚሞላ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ሰነድ በፌብሩዋሪ 2006 የወጣው አርኤፍሲ 4397 ነው። ምንም ፕሮቶኮል የለውም፤ መዝገበ ቃላት ነው። የአይኢቲኤፍ ሰዎች «ሊንክ» ሲሉ፣ «ሌየር» ሲሉ፣ «ሌብል» ሲሉ የአሶን ሰዎች ያንን ምን እንደሚሉት አንድ በአንድ ያዛምዳል። ስብሰባ ላይ ለዓመታት የተካረሩ ሰዎች በመጨረሻ ቁጭ ብለው ቃል ለቃል መፍታት ግድ ሆነባቸው። ይህ ሰነድ ከፕሮቶኮሎቹ በፊት ቢጻፍ ኖሮ ብዙ ድካም ይድን ነበር።

በዚያው ዘመን ሲአር-ኤልዲፒ የሚባል ተወዳዳሪ የሲግናሊንግ ፕሮቶኮልም ነበር። በፌብሩዋሪ 2003 አይኢቲኤፍ ከእንግዲህ እንደማይሠራበት አስታወቀ። በሚቀጥለው ወር አይቲዩ ለአሶን ሦስት አማራጮችን አጸደቀ፤ አንደኛው ኤቲኤም ከሚባለው የኔትወርክ ቴክኖሎጂ የመጣው ፒኤንኤንአይ፣ ሁለተኛው አርኤስቪፒ-ቲኢ፣ ሦስተኛው ያው የተተወው ሲአር-ኤልዲፒ ነበር። አርክቴክቸር ከፕሮቶኮል ነጻ ይሁን ማለት በወረቀት ላይ ያምራል፤ ለመሣሪያ ገዢው ግን ሦስት አማራጭ ማለት ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ የሚመርጡበት ሦስት ዕድል ማለት ነው።

በሁለቱ ቤቶች መካከል የቆመው በ1998 የተመሠረተው የኦፕቲካል ኢንተርኔትወርኪንግ ፎረም፣ ኦአይኤፍ፣ ነው። አዲስ ቋንቋ ከመፍጠር ይልቅ ካሉት መርጦ «የትግበራ ስምምነት» መጻፍ ሥራው አደረገ። በ2001 አጋማሽ አትላንታ በተካሄደው የሱፐርኮም ጉባኤ ከ20 በላይ አምራቾች መሣሪያቸውን አምጥተው በዩኒ ተናበቡ፤ ዩኒ 1.0 በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጸደቀ። በ2004 ደግሞ በሦስት አህጉራት ያሉ የሰባት ቴሌኮም ድርጅቶች ቤተ ሙከራዎች በዩኒና በኢ-ኤንኤንአይ ተሳስረው መንገድ ከፈቱ፣ ዘጉ። ለሙያው ሰዎች ታላቅ ቀን ነበር።

ታዲያ ለምን ወደ ሜዳ አልወጣም? በየድርጅቱ ውስጥ ኮንትሮል ፕሌን በሰፊው ሠርቷል፤ የተበጠሰ መንገድን በራሱ የሚያዞር ኔትወርክ ዛሬ ብርቅ አይደለም። የተለያዩ አምራቾች ድንበር ላይ ግን ብዙ ጊዜ የኔትወርክ ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባሉት ትልልቅ ሶፍትዌሮችና ሰዎች ቀሩ። አንዱ ምክንያት ገበያው ነው፤ ዩኒ 1.0 የወጣው የቴሌኮም ገበያ በወደቀበት ዓመት ነበርና በጥሪ የሚከፈት የሞገድ ርዝመት ለመግዛት የተሰለፈ ደንበኛ አልነበረም። ሌላው ድርጅቶቹ መፍትሔውን በግዢ ማግኘታቸው ነው፤ አንዱን ክልል በሙሉ ለአንድ አምራች ሰጡ፣ ድንበሩ ላይ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ መልሰው በተራ መደበኛ ወደብ አገናኙት። ሥራው ሄደ፤ ለአምራቹም ደንበኛው ጥሎት የማይሄድ ሆነ። በአደባባይ ስለ መናበብ የሚናገር አምራች በሽያጭ ክፍሉ ያለመናበብን ጥቅም ያውቃል፤ ይህን ሳንል የዚህን ጥያቄ ታሪክ መጻፍ አይቻልም።

መንገድ የማስያዙ ነገር እንዲህ ሲሆን መንገድ የማግኘቱስ? ሁለት ጎራዎች ካርታቸውን ካልተለዋወጡ ምርጡን መንገድ ማን ያሰላል? ድርጅቶች ካርታቸውን የሚደብቁት በከንቱ አይደለም፤ የት እንደሚጨናነቁ፣ የት መጠባበቂያ እንደሌላቸው ይገልጣልና። በ2006 አርኤፍሲ 4655 ፒሲኢ የተባለውን ሐሳብ ይዞ መጣ፦ የስሌቱን ሥራ ከስዊቾቹ አውጥተን ለየጎራው አንድ አስሊ እንስጥ፣ አስሊዎቹ እርስ በርስ ይጠያየቁ። በ2009 ፕሮቶኮሉ ተደነገገ። አስሊው ለጎረቤቱ «ከዚህ በር እስከዚያ በር በይህን ያህል ዋጋ አሳልፋለሁ» ይላል፤ በውስጡ የሚያልፍበትን ዝርዝር በቁልፍ ተክቶ ይሰጣል፣ ቁልፉ የሚፈታው ጥያቄው ተመልሶ እሱ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው። ምስጢርም ተጠበቀ፣ መንገድም ተገኘ። ከዘርፉ ሥራዎች ሁሉ በዲዛይኑ ያረካኝ ይህ ነው።

የምርምር ኔትወርኮች ግን ገበያ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ ብዙ ውሂብ የሚያጓጉዙ የፊዚክስና የሥነ ፈለክ ሰዎች ነበሯቸው። በዋሽንግተን አካባቢ የተሠራው ድራጎን የተባለ ፕሮጀክት ጂኤምፒኤልኤስን የማያውቁ ተራ የኢተርኔት ስዊቾችን አገኘና ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ኮምፒዩተር አስቀመጠ። ኮምፒዩተሩ ለውጭው ዓለም ጂኤምፒኤልኤስ ይናገራል፣ ለስዊቹ በራሱ ትእዛዝ ይነግረዋል። ይህ አስተርጓሚ እጅግ ቀላልና እጅግ ጠቃሚ ነበር። በ2006 ቶኪዮ በተካሄደው ግሊፍ የተባለው የምርምር ኔትወርኮች ስብስብ ጉባኤ የጃፓኑ ጂ-ላምዳና የአሜሪካው ኢንላይተንድ፣ በተለያየ ቋንቋ ቦታ የሚያስይዙ ሁለት ሥርዓቶች፣ በመካከላቸው አስተርጓሚ ተጽፎላቸው ከሁለቱም አገር መንገድና ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ አስያዙ።

አስተርጓሚ ግን ይበዛል። ሥርዓቶቹ አሥር ቢሆኑና ሁሉም ጥንድ በጥንድ ቢተረጎሙ 45 አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ስለዚህ በኦፕን ግሪድ ፎረም ሥር ኤንኤስአይ የተባለ የጋራ ውል ተጻፈ። አነስተኛነቱ ነው ኃይሉ፦ አስይዝ፣ አጽድቅ፣ ክፈት፣ ልቀቅ፣ ሰርዝ። በውስጥህ ጂኤምፒኤልኤስ ይኑር፣ ሌላ ይኑር፣ ሰው በእጁ ይሥራው፣ ኤንኤስአይ አይጠይቅህም። በሴፕቴምበር 2011 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከኮሪያ የመጡ ሰባት ለየብቻ የተጻፉ ሶፍትዌሮች በዚህ ውል ተናበቡ። በዘርፉ ካየኋቸው ጥረቶች በትንሽ ቃል ብዙ ያሠራው ይህ ነው።

ከዚያ ነፋሱ ተለወጠ። በ2008 ከስታንፎርድ የወጣው ኦፕንፍሎው ጥበቡን ከመሣሪያዎቹ አውጥቶ ማእከላዊ ተቆጣጣሪ ላይ አኖረው፤ ኤስዲኤን ተባለ። መሣሪያዎች እርስ በርስ መነጋገራቸው ከቀረ የመናበብ ችግርም ይቀራል ብለው ብዙዎች ተስፋ አደረጉ። አልቀረም፤ ወደ ላይ ወጣ። አሁን እያንዳንዱ አምራች ተቆጣጣሪውን ይዞ ይመጣል፣ ተቆጣጣሪዎቹን የሚያስተባብር ሌላ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል፣ እሱም ከእያንዳንዳቸው ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገር ተባለ። ኤስዲኤንን ለማስፋፋት ከተቋቋመው ኦኤንኤፍ በኩል ቲ-ኤፒአይ፣ ከአይኢቲኤፍ በኩል በ2018 የተደነገገው አክትን መልስ ሰጡ። የአክትን ባለሦስት ደረጃ ሥዕል ጎራን፣ ድንበርንና የተደበቀ ካርታን ይቀበላል፤ አሶን በ2001 ያለውን በሌላ ልብስ ያመጣ ይመስለኛል። መሣሪያዎችን ያንግ በተባለው የሞዴል መጻፊያ ቋንቋ መግለጽ ልማድ መሆኑ ግን እውነተኛ እርምጃ ነው። ሰዋስው አንድ ሆኗል። መዝገበ ቃላቱ ግን ገና ብዙ ነው፤ ኦፕንኮንፊግ፣ ኦፕንሮደም፣ አይኢቲኤፍና ቲ-ኤፒአይ ብርሃኑን የሚልከውንና የሚቀበለውን አንዱን መሣሪያ፣ ትራንስፖንደርን፣ በአራት መልክ ይገልጹታል።

ቋንቋው ሁሉ ቢሰምር እንኳ የሚቀር ነገር አለ፤ ብርሃኑ ራሱ። አንድ የሞገድ ርዝመት ወደ ኤሌክትሪክ ሳይመለስ ሲጓዝ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያው ድግግሞሽ መሆን አለበት። በየማጉያው ምልክቱን የሚረብሽ ሁካታ (ኖይዝ) ይጨመርበታል። አዲስ የሞገድ ርዝመት ሲበራ በዚያው ፋይበር ያሉትን የሌሎቹን ኃይል ያናውጣል፤ ለዚህም ነው መንገዱ እንደ ስልክ ጥሪ በቅጽበት ሳይሆን ቀስ ተብሎ የሚከፈተው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከማርች 2020 ጀምሮ የኦአይኤፍ 400 ዜድአር ስምምነት ከራውተር ላይ በቀጥታ የሚሰካ፣ እስከ 120 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ትንሽ ሞጁል አመጣ። የሞጁሉ ብርሃን 75 ጊጋኸርዝ ወይም ከዚያ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ጎረቤቱ በድሮው የ50 ጊጋኸርዝ ክፍፍል የተሠራ ከሆነ ሁሉም ፕሮቶኮል ተስማምቶ ብርሃኑ በሩ አይበቃውም። ሞጁሉ ራውተር ውስጥ በመሆኑ ደግሞ አዛዡ ማን ነው፣ የራውተሩ ሰዎች ወይስ የኦፕቲካል መስመሩ ተቆጣጣሪ፣ የሚለው ክርክር ዛሬ በየድርጅቱ ውስጥ ይካሄዳል። ኦፕንሮደም ከ2016 ጀምሮ ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የብርሃኑን መመዘኛ ጭምር መደንገጉ፣ ጂኤንፓይ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ የማንንም አምራች መሣሪያ ይዞ መንገዱ ብርሃኑን ይሸከም እንደሆነ ማስላቱ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፍ መስመሯ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል የሌሎችን ፋይበር አቋርጦ ነው የባሕር ኬብል የሚያገኘው። የአገር ውስጡ ኔትወርክ በ2006 ከዜድቲኢ፣ በ2013 ከዜድቲኢና ከሁዋዌ ጋር በተፈረሙ ትልልቅ ውሎች ተስፋፍቷል። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ ድርጅት ሆኖ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ የአፍሪካ የምርምር ኔትወርኮች ስብስብ የሆነው የኡቡንቱኔት አሊያንስ አባል ነው። ጎራዎች፣ ድንበሮች፣ የተለያዩ አምራቾች፤ ሁሉም እዚህ አሉ።

ስለዚህ ቃሌ የጨረታ ሰነድ ለሚጽፉት መሐንዲሶች ነው። «ክፍት ስታንዳርድ ይደግፋል» የሚል መስመር አትቀበሉ። የትኛው ሞዴል፣ የትኛው እትም፣ የትኛው የሰርጥ ስፋት እንደሆነ በቁጥር አስጽፉ። መቆጣጠሪያው ሲወድቅ ብርሃኑ እንዲቀጥል በውሉ ውስጥ ይግባ። ፊርማው ከመስፈሩ በፊትም መሣሪያው ከሌላ አምራች መሣሪያ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መንገድ ሲከፍትና ሲዘጋ በዓይናችሁ እዩ።